ባዶ ያልነበረው ወንበር

አዳማ ውስጥ «ፕሬዚዳንት» ሲባል ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል። አንዱ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነው፤ በጀት ያስተዳድራል፣ ሠራተኛ ያሰማራል። ሌላው የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት ነው፤ የክልሉ ምክር ቤት ጨፌው ይመርጠዋል፣ ካቢኔ ያዋቅራል። ሦስተኛው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው፤ በማዕረግ ከሁለቱም በላይ፣ በማዘዝ ግን ከሁለቱም በታች። በታክሲም በመማሪያ ክፍልም «ከመፈረም በቀር ምን ይሠራል?» መባሉ ስለዚህ አይገርምም። ጥያቄው ተገቢ ነው። «ምንም» የሚለው የተለመደ መልስ ግን ትክክል አይደለም፤ ወንበሩ በማን እጅ እንደቀለለም ይሸፍንብናል።

ማዕረጉ ወደ እኛ የገባው ሙሉ ሥልጣን ተሸክሞ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከወረዱ በኋላ አገሪቱን ለ13 ዓመት ያህል የመራው የደርግ ሊቀመንበር ነው። ጥር 24 ቀን 1979 ሕዝበ ውሳኔ የተሰጠበት ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሲውል፣ ብሔራዊ ሸንጎው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ርእሰ ብሔሩም፣ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዡም፣ የገዥው ፓርቲ የኢሠፓ ዋና ጸሐፊም አንድ ሰው ሆኑ። እሳቸው ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ሲወጡ ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ወንበሩን ለአንድ ሳምንት ያዙት። በሽግግሩ ዘመንም አቶ መለስ ዜናዊ ፕሬዚዳንት፣ አቶ ታምራት ላይኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ የበላዩ ፕሬዚዳንቱ ነው። በ1987 አቶ መለስ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንበር ሲዛወሩ ሥልጣኑ አብሯቸው ተዛወረ።

የዛሬው ዓይነት ፕሬዚዳንትነት የተወለደው እንግዲህ ነሐሴ 16 ቀን 1987፣ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ሲመረጡ ነው። ደምቢዶሎ የተወለዱት፣ በጀርመን ታሪክ አጥንተው ዶክትሬታቸውን የሠሩት ነጋሶ የዛሬውን ሕገ መንግሥት ያጸደቀውን ጉባኤ በሊቀመንበርነት መርተዋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት የወንበሩን ልክና ወሰን ሲጻፍ ያዩ ሰው ነበሩ።

ምን ተጻፈ? ከአንቀጽ 69 እስከ 71 ያለውን ማንበብ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚመርጠው የእሱና የፌዴሬሽን ምክር ቤት የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ። የተመረጠው የምክር ቤት አባል ከሆነ መቀመጫውን ይለቃል። ዘመኑ 6 ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥ አይቻልም። በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ የምክር ቤቶቹን ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታል፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት አምባሳደሮችን ይሾማል፣ ከፍተኛ ወታደራዊ ማዕረጎችን ይሰጣል። ተማሪዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጠቅላይ አዛዡ ፕሬዚዳንቱ ሳይሆን በአንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፊርማውም እንደ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ፊርማ ሕግ ማገጃ አይደለም። ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ፣ ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል።

እስከዚህ ድረስ «ምንም አይሠራም» ባዮች ያሸንፉ ይሆናል። ግን ሦስት ነገር ቀርቷል። ፕሬዚዳንቱ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል። በሰው ዘር ላይ በተፈጸመ ወንጀል የሞት ፍርድ የተፈረደባቸውን ሰዎች ቅጣት በአንቀጽ 28 ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለውጥ ይችላል። ጥምር መንግሥት አብላጫውን አጥቶ ሲፈርስ ደግሞ፣ ፓርቲዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ጥምር መንግሥት እንዲመሠርቱ የሚጋብዘው እሱ ነው፤ ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ይበተናል። ይህን የመጨረሻውን ሥልጣን አይተነው አናውቅም፤ ምክር ቤቱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን እጅ ስለነበረ። ሁለተኛውን ግን አይተናል። በ2003 የ23 የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት የተለወጠው በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ውሳኔ ነው። የሃይማኖት አባቶች የለመኑበትን፣ የተጎጂ ቤተሰቦች የተከፋፈሉበትን ያን ጉዳይ የዘጋ ፊርማ ጌጥ ነው ማለት ይከብዳል።

የነጋሶ ታሪክ ደግሞ ወንበሩ ሌላ፣ ብዙ ያልተወራለት ጉልበት እንደነበረው ያሳያል። በ1993 ገዥው ፓርቲ ኢሕአዴግ ሲሰነጠቅ ከፓርቲው አመራር ጋር ተጣሉ፤ ከራሳቸው ድርጅት ከኦሕዴድም ተባረሩ። ከቤተ መንግሥት ግን አልወጡም። ሕገ መንግሥቱ በእነዚያ ሦስት አንቀጾች ውስጥ ፕሬዚዳንት የሚነሣበትን ሥርዓት አልጻፈም፤ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው ብሎ ብቻ ዘጋው። ስለዚህ ፓርቲው የማይፈልጋቸው ሰው እስከ መስከረም 28 ቀን 1994 ርእሰ ብሔር ሆነው ዘመናቸውን ጨረሱ። በአገራችን ታሪክ ገዥውን ፓርቲ ተቃውሞ የሕግ ዘመኑን በወንበሩ ላይ የጨረሰ ሌላ መሪ መጥቀስ አይቀልም።

ምላሹ ወዲያው መጣ። እሳቸው ወንበሩን ባስረከቡበት ሰሞን የፕሬዚዳንቱን አስተዳደር የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 255/1994 ወጣ። አዋጁ ፕሬዚዳንቱ በሥራ ላይ ሳለ ብቻ ሳይሆን ከለቀቀም በኋላ ከፓርቲ ፖለቲካ እንዲርቅ ያስገድዳል፤ ካልራቀ ጥቅማ ጥቅሙን ያጣል። ነጋሶ በ1997 ከደምቢዶሎ በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ ፓርላማ ገቡ፤ ጥቅማ ጥቅማቸው ተቋረጠ። በኑሮ ከአንድ ተራ ጡረተኛ ያልተሻሉ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ሆነው ኖሩ፣ በ2011 አረፉ። በሥራ ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ይራቅ መባሉ ትክክል ነው፤ ይቅርታ የሚያደርግ፣ ጥምር መንግሥት የሚጋብዝ ሰው ወገን ሊኖረው አይገባም። ከለቀቀ በኋላ ግን ለምን? መኖሪያውንና ጡረታውን በዝምታው ላይ ማሰር ዜጋን የመመረጥ መብቱን በገንዘብ እንዲለውጥ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ የሚሾመውም ትምህርቱን በደንብ ይወስዳል።

የተሿሚዎቹም ዓይነት ተለወጠ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከፖለቲካና ከምክር ቤት የመጡ ነበሩ። መቶ አለቃ ግርማ በንጉሡ ዘመን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩ፣ ሲመረጡም የግል የፓርላማ አባል የሆኑ ሰው ናቸው፤ ሁለት ዘመን፣ 12 ዓመት የቆዩም እሳቸው ብቻ። ከዚያ ወዲህ የተመረጡት ዶክተር ሙላቱ ተሾመ በ2006፣ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ በ2011፣ ታዬ አጽቀ ሥላሴ በ2017፣ ሦስቱም አምባሳደሮች ነበሩ። የተከበረ ሙያ ነው። ግን አምባሳደር የሚሠለጥነው የመንግሥትን መልእክት ሳያዛባ ለማድረስ ነው፤ ወንበሩ ደግሞ አንዳንዴ ከመንግሥት ለየት ብሎ መቆም ይጠይቃል።

የምርጫው አፈጻጸምም ይህን ያባብሳል። የሁለት ሦስተኛው ድምፅ የተጻፈው የተለያዩ ወገኖች ተነጋግረው የሚስማሙበት ሰው እንዲገኝ ነው። አንድ ፓርቲ ብቻውን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲይዝ ግን ገደቡ ምንም አያስገድድም። በተግባርም አንድ ዕጩ ይቀርባል፣ በዚያው ዕለት ድምፅ ይሰጣል፣ በዚያው ዕለት ቃለ መሐላ ይፈጸማል። የአዳማ ሕዝብ የመረጣቸው እንደራሴዎች ስለ ዕጩው ከመራጩ ጋር ለመነጋገር አንዲት ቀን እንኳ አያገኙም።

ይህን ለማረም ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም። የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ የዕጩው ስም ከድምፅ መስጫው ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ይፋ እንዲሆን፣ ዕጩውም በአደባባይ ቀርቦ ስለ ይቅርታ አሰጣጥና ስለ ጥምር መንግሥት መፍረስ ስለሚደነግገው አንቀጽ 60 ምን እንደሚያስብ እንዲጠየቅ ማድረግ ይችላል። በአዋጅ 255 የተጀመረውና ዝምታን የጥቅማ ጥቅም ዋጋ ያደረገው አሠራር ደግሞ በተራ አዋጅ፣ በተራ ድምፅ ሊሻር ይችላል። የይቅርታ ውሳኔዎችም፣ ለማን በምን ምክንያት እንደተሰጡና እንደተከለከሉ፣ በየዓመቱ በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ስም ይታተሙ። ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ዘመኑን ሲጀምር እነዚህ ሦስቱ ካሉ፣ የአዳማ ተማሪ «ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቅ መምህሩ የሚያሳየው የታተመ ወረቀት ይኖረዋል።