ማስተካከያ፦ ቡናውን ያቃጠለችው ብራዚል ናት

ባለፈው ሳምንት ለጅማ ቡና አብቃዮችና ነጋዴዎች ባዘጋጀነው ጽሑፍ «በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን (እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ) የአሜሪካ መንግሥት ዋጋ እንዲወደድ ብሎ ቡና አቃጠለ» ብለን ነበር። ስህተት ነው። ያነቁን በጅማው ሂርማታ ገበያ በቡና ንግድ ዕድሜያቸውን የገፉ አንድ አባት ናቸው፤ «ልጄ፣ ቡናውን ያቃጠሉት ሻጮቹ ናቸው፤ ገዢ ምን አግኝቶ ያቃጥላል?» አሉን። እናመሰግናቸዋለን፤ አንባቢዎቻችንንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ያቃጠለችው ብራዚል ናት። ዋጋው ሲወድቅ ከእ.ኤ.አ. 1931 እስከ 1944 ድረስ 78 ሚሊዮን ጆንያ ገደማ ቡና አስወግዳለች። እሸት ለቅሞ፣ አልጋ ላይ አስጥቶ፣ ሲያገላብጥ ለሚውል የጅማ ገበሬ ይህ ምን ያህል እንደሚያም እናውቃለን።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ያደረገው ሌላ ነው። በእ.ኤ.አ. 1933 በወጣው የግብርና ሕግ፣ ምርት ለሚቀንሱ ገበሬዎች ካሳ ከፈለ፤ በዚያው ዓመት የበቀለ ጥጥ ተገልብጦ ታረሰ፣ 6 ሚሊዮን ገደማ አሳማዎች ታረዱ። ገንዘቡ የመጣው በምርት አቀነባባሪዎች ላይ ከተጣለ ግብር ሲሆን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1936 ሕጉን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ካሳው በአብዛኛው የደረሰው ለባለመሬቱ ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ብዙ የእኩል አራሾች ከሚያርሱት መሬት ተፈናቀሉ። ይህን በመጀመሪያው ጽሑፍ መዝለላችን ከቡናው ስህተት የሚያንስ ጥፋት አይደለም።

የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግም የጸደቀው እንደጻፍነው በ1925 ሳይሆን ነሐሴ 8 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው።