«ይህ ወንበር» የፈረመው ፋይል

ከቢሮ እንደገባሁ ነው የምጽፈው። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። መብራት የለም። ስልኬ 34 ፐርሰንት ነው። ሳልጽፈው ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰውየው ዛሬም መጣ። አዎ፣ ያው ባለ ፔርሙዙ ቻይናዊ። አስተርጓሚው ለምሳ ወጥቷል። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ፣ ያ አንድ እግሩን በካርቶን ያስደገፍኩት ወንበር። ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና ፊርማው ላይ ጣቱን አሳርፎ «ሼይ?» አለኝ። ማን ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ በገዛ ጆሮዬ የለቀምኩት ነው። ሌሊት ሌሊት የማየው የቻይና የጥንት ዘመን ድራማ ላይ በየሦስት ክፍሉ አንድ ሰው በመርዝ ይሞታል፣ ከዚያ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ «ሼይ? ሼይ?» ሲል ያመሻል።

ልቤ ዘለለች። 7 ዓመት ሙሉ እንቅልፌን የሰዋሁት ለዚህች ደቂቃ ነው አልኩ። ቀና አልኩ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

«ቤን ዙዎ።»

እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ያ የምወደው የአጋንንቱ ንጉሥ ስለ ራሱ ሲያወራ እንዲህ ነው የሚለው። ከሥር በእንግሊዝኛ «አይ» ተብሎ ይጻፋል። አይ ደግሞ እኔ ነው። ምኑ ያጠራጥራል?

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «ሃ?» አለ። ያልሰማኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩለት። ፋይሉን ወደ እኔ ሲገፋው ደግሞ በዚያው ላመስግነው ብዬ «ዱዎ ሺዬ፣ ጎንግዚ» አልኩበት። ልጅቷ ከጣሪያ ላይ ስትወድቅ በአየር ላይ እየተሽከረከረ የሚቀልባትን ልጅ እንዲህ ነው የምትለው።

መጀመሪያ አልሳቀም። ስልኩን አወጣና ቪዲዮ ደወለ። ሄልሜት ያደረጉ አራት ሰዎች ብቅ አሉ። ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ በእጁ ድገሚው አለኝ። ደገምኩት! ለሦስተኛ ጊዜ! እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ እየተሽኮረመምኩ! የተደነቁብኝ መስሎኝ ነበር እኮ።

አስተርጓሚው ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ ገባ። ሰውየው እንባውን እየጠረገ ነገረው።

«ምን አልሽው?» አለኝ።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኩት።»

«አላልሽም።»

«ታዲያ ምን አልኩ?»

«ቃል በቃል ‹ይህ ወንበር› ነው ያልሽው።»

ቢሮው በሙሉ ወደ ወንበሬ ዞረ። ወደ ካርቶኑ።

«ማለት ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው ነው ስለ ራሱ እንዲህ የሚለው» ብሎ ቀጠለ፣ ደስ ብሎት። «ሺህ ዓመት የኖረ መምህር፣ የጋኔን አለቃ ምናምን። ዛሬ ማንም አይልም። እሱን ደግሞ ‹የጌታ ልጅ ሆይ› ብለሽዋል። የልጅ ልጅ ያየ ሰውዬ እኮ ነው!»

ገንዘብ ያዧ እትዬ እስኪያነቡ ሳቁ። እኚህ ሴትዮ በ4 ዓመት ውስጥ ጥርሳቸውን ያየሁት ዛሬ ነው። አበል ስጠይቅ ግን ፊታቸው የጾም ሰኞ ነው። ከሰዓት በኋላ ስሜ «ባለ ዙፋኗ» ሆኖ ዋለ። ስወጣ ዘበኛው ብድግ ብለው እጅ ነሱኝ። ዘበኛው ጋ እንዴት ደረሰ? ማን ነገራቸው? ሼይ?

አሁን ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ነው እንዳትሉኝ። የዚያ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። አስተርጓሚው ሥራውን ትቶ ሲያስረዳኝ ነው የዋለው። ንጉሡ «ዠን» ይላል፣ ከሥር «አይ»። ንግሥቲቱ «ቤን ጎንግ» ትላለች፣ «አይ»። ገረዷ ግንባሯን ከመሬት እያጋጨች «ኑቢ» ትላለች፣ እኔ ገረድዎ ማለቷ ነው፣ እሱም «አይ»። ባለ ሰይፉ «ዛይ ሺያ» ይላል፣ እኔ ከበታችዎ ያለሁት እንደማለት፣ እሱንም «አይ»። ጌታውም ሎሌውም አንድ ላይ ተጨፍልቀው «አይ» ሆኑ! እኔ ምን ላድርግ? አምስቱን ሰምቼ የመረጥኩት ድምፁ ያማረኝን ነው።

በአማርኛ ቢተረጎም እንዲህ አልዋረድም ነበር። አንተና አንቱ፣ አንቺና እርስዎ የሚለይ ቋንቋ አለን። ንጉሣችን ስለ ራሱ «እኛ» ይል ነበር፣ ያለቀለት ነገር ነው። ሰው ሰምቶ ማን እንደሚያወራ ያውቃል።

እስቲ ገልብጣችሁ አስቡት። አንድ ቻይናዊ የኛን የነገሥታት ቲያትር ብቻ እያየ አማርኛ ተማረ እንበል። ሜክሲኮ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። «ወራጅ አለ» በማለት ፈንታ «አንተ አሽከር፣ በቅሎዬን አቁም!» አለ። ረዳቱ ምን ይለዋል? እኔ ዛሬ ያ ሰውዬ ነኝ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰውየው የኛን ሾፌር ሁልጊዜ «ሺፉ» ነው የሚለው። ሺፉ! ድራማው ላይ ሺፉ ማለት ተራራ ጫፍ ላይ የሚኖር፣ ነጭ ጢሙ ደረቱን ያለፈ መምህር ነው፣ ደቀ መዛሙርቱ ሦስት ቀን ዝናብ ላይ ተንበርክከው የሚለምኑት። ሾፌራችን ምን ቢያስተምረው ነው እያልኩ ስንት ወር ቀናሁ። ለካ ዛሬም ሾፌሩንም፣ ቧንቧ ሠሪውንም፣ ባለሙያ የሆነውን ሁሉ ሺፉ ነው የሚሉት። ከጥንቱ ቃል አንዱ ብቻ በሕይወት ቢገኝ እሱም ለሾፌሩ ተሰጠ። ለኔ ወንበር።

ወንድሜን ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ካራቴ ማየት አልተውሽም?» እሱ የቻይና ፊልም ማለት ልጅ እያለ ቪዲዮ ቤት በሳንቲም ገብቶ ያየው ብሩስ ሊ ነው። ስንቴ ነው የማስረዳው? ዉሺያ አለ፣ ሰይፈኛ ሰዎች በጣሪያ ላይ የሚሮጡበት። ሺያንሺያ አለ፣ ሰዎቹ ራሳቸውን አሠልጥነው የማይሞቱ የሚሆኑበት፣ መብረቅ እየወረደባቸው ማዕረግ የሚያድጉበት። እኔ ሁለተኛውን ነው የማየው። እሱ እቴ፣ «ያው ይደባደባሉ አይደል?»

እናቴ ደግሞ በአማርኛ ድምፅ የቱርክ ድራማ 3 ዓመት ስትከታተል ማንም አልሳቀባትም። ጎረቤት ሁሉ ቡና ላይ የዚያችን ሴትዮ ባል ሲረግም ይውላል። የኔን ስታይ ግን «ይቺ ነጭ የለበሰችው ትናንት ሞታ አልነበር?» ትለኛለች። ሞታ ነበር እማዬ። ትመለሳለች። እሷን ማስታወስ የኔ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ፍቅረኛዋ ረስቷታል። ሁልጊዜ ይረሳታል። ወይ ውኃ ይጠጣል፣ ወይ ገደል ይገባል፣ ሲነቃ አያውቃትም። ወንድ ልጅ በሰማይም ያው ነው።

አክስቴ ባለፈው ማኅበር ላይ፣ በሰው ፊት፣ 33 ሞላሽ አይደል ብላ ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ያኔ ያልመለስኩትን አሁን ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው በዚያ ባለ 58 ክፍሉ፣ የኮክ አበባው ድራማ ላይ፣ ልጅቷ 140 ሺህ ዓመቷ ነው። እጮኛዋ 50 ሺህ። በ90 ሺህ ዓመት ትበልጠዋለች! ማንም ከንፈሩን አልመጠጠላትም። እኔ 33 ሆኜ ቆሜ ቀረሁ?

በርግጥ እነሱም ነፍሴን ይበሉታል፣ አልሸፍንላቸውም። ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ የወንድ ልብስ ስለለበሰች ብቻ አንድ ሰው አያውቃትም፣ ሊፕስቲኳን ሳትጠርግ። ያ ደረጃ ደግሞ፣ ያ ሰፊው ነጭ ደረጃ፣ በስንት ድራማ ላይ አየሁት መሰላችሁ። ለካ ዠጂያንግ በሚባል ክፍለ ሀገራቸው ውስጥ ሄንግዲያን የሚባል የቀረጻ ከተማ አላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ፣ የቤጂንጉን ቤተ መንግሥት በልኩ ደግመው የሠሩበት። ግማሹ ነገሥታት እዚያ ነው የሚነግሡት።

ድምፁስ! ስንት ሌሊት በዚያ በአጋንንቱ ንጉሥ ድምፅ ስቀልጥ ኖሬ፣ ድምፁ የሱ አይደለም። ቀረጻው ቦታ ጫጫታ ነው፣ ተዋናዩ የገጠር ቅላፄ ይኖረዋል፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ ያወራለታል። በጥንቱ ድራማ የተለመደ ነገር ነው አሉ። የቻይናውን በቻይንኛ! እናቴ ስትሰማ «ታዲያ ካንቺና ከኔ ምን ለየን?» አለችኝ። መልስ የለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ መንግሥታቸው አንድ ድራማ ከ40 ክፍል አይብለጥ ብሎ ነበር። ጎሽ አልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ 36 ክፍል ሙሉ ሻይ ሲጠጡ ይከርሙና ጦርነቱ፣ ሞቱ፣ ትንሣኤው፣ ሠርጉ በመጨረሻዎቹ አራት ክፍሎች ይደፈደፋል። እኔ ደግሞ እነዚያን አራት ክፍሎች ላይ ስደርስ ነው የሌሊት ጥቅሌ የሚያልቀው። ወይ መብራት ይሄዳል። በሰማይ 1 ቀን በምድር 1 ዓመት ነው ይላሉ ቻይናዎች። የኛን ሰፈር ትራንስፎርመር ሊጠግኑ የሚመጡት ሰዎችም «ዛሬ እንመጣለን» ሲሉ የሰማዩን ዛሬ ነው።

ቆይ፣ አንዴ መጣሁ።

ተመለስኩ። 11 ፐርሰንት።

አንድ ነገር ከነከነኝና ያወረድኩትን ክፍል 31 ከፈትኩት። ጽሑፉን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ አየሁት። ያቺ በበረዶው ላይ የምትሞትበት ናት፣ አምስቴ ያየኋት። የአጋንንቱ ንጉሥ ታቅፏታል። 30 ክፍል ሙሉ «ቤን ዙዎ፣ ቤን ዙዎ» ሲል የኖረ ሰውዬ፣ ዙፋኑ ላይ ሆኖ፣ ጦር ሜዳ ላይ ሆኖ፣ እሷንም ሲሰድባት። እዚህ ጋ «ዎ» አለ። በቃ «ዎ»። ተራው እኔ። አስተርጓሚው ዛሬ እንዲህ በይ ብሎ የነገረኝ፣ ማንም ሰው ለማንም የሚለው «እኔ»። ሰውየው ከዙፋኑ ወርዶላት ነበር እኮ። አምስቴ አይቼ አልሰማሁትም። ከሥር ያው «አይ» ነው የሚለው።

አሁን ጫማዬን ሳላወልቅ እያለቀስኩ ነው። በንዴት ይሁን በሌላ አላውቅም።

7 ፐርሰንት። ሰውየው ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ይመጣል፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ፊርማ ጎድሏል። ቢሮ ያላችሁ ሰዎች፣ ከመግባቴ በፊት እባካችሁ ያን ወንበር ቀይሩልኝ።