አሥር ቀን ዝም ብሎ መቀመጥ

ሳትያ ናራያን ጎይንካ በርማ፣ በዛሬዋ ምያንማር፣ የተወለደ የሕንድ ዘር ነጋዴ ነበር። ሐኪም ያልቻለው ራስ ምታት ሲያሠቃየው እ.ኤ.አ. በ1955 በዚያው አገር ራንጉን ከተማ ወደሚገኘው የኡ ባ ኪን የተመስጦ ማዕከል ሄደ። ኡ ባ ኪን የመንግሥት ዋና ሒሳብ ሹም ሆነው ተመስጦ ያስተምሩ ነበር። ለራስ ምታቱ ሲል መምጣቱን ሲሰሙ አልተቀበሉትም፤ ይህ ትምህርት የራስ ምታት መድኃኒት አይደለም አሉት። የተቀበሉት ሐሳቡን ቀይሮ ሲመለስ ነው።

ይህ ታሪክ ዛሬ ደጋግሞ ሊነገር ይገባል ባይ ነኝ። የቡድሂዝም ሱባኤ ከመታሻና ከመዋኛ ገንዳ ጋር ተደርቦ በየመዝናኛው እየተሸጠ ነውና። ያ ዕረፍት ነው፣ ክፋት የለውም። ሰውን ከውስጥ የሚያድሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

ጎይንካ ከ1969 ጀምሮ ሕንድ ውስጥ ባስተማረው ቪፓሳና በተባለው የአሥር ቀን የተመስጦ ኮርስ ደወሉ የሚሰማው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ስልክ የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ ከጎን ካለው ሰው ጋር በምልክት መግባባት እንኳ አይፈቀድም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ከአፍንጫ በታች፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ማስተዋል። ሐሳብ ይሸሻል፤ ሳይቆጡ መመለስ ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ያለውን ስሜት እየተከታተሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጣሉ። ጉልበት ይቆረጥማል፣ እግር ይደነዝዛል። እንደ ድንጋይ የከበደው ሕመም ግን ጠጋ ብለው ሲያዩት ይነዝራል፣ ይሞቃል፣ ይሳሳል፣ ቦታ ይቀይራል። ቡድሃ አኒቻ ያለው፣ ሁሉም አላፊ መሆኑ፣ በጆሮ ሳይሆን በገዛ ጉልበት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ንዴትም ሲመጣ መጥቶ እንደሚሄድ ሰውነት ራሱ ያውቃል።

ለነገሩ ከትቶ መቀመጥ ለቡድሂዝም አዲስ አይደለም። መነኮሳቱ በዝናብ ወራት እየተዘዋወሩ ቡቃያውን ረገጡብን የሚል አቤቱታ ስለበዛ፣ ቡድሃ ክረምቱን ሦስት ወር በአንድ ስፍራ እንዲከትቱ ደነገገ። ልማዱ በታይላንድና በምያንማር ዛሬም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይጠበቃል።

ይህን ከኑሮ መሸሽ ነው የሚሉ አሉ። በ1994 በዴልሂው ቲሃር እስር ቤት፣ በኃላፊዋ በኪራን ቤዲ ፈቃድ፣ ከአንድ ሺህ በላይ እስረኞች አሥሩን ቀን በአንድነት ተቀምጠዋል። እነዚያ ወዴት ይሸሻሉ? እርግጥ ለሁሉም አይሆንም፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው እንዳይገባ የጎይንካ ማዕከላት ራሳቸው ይመክራሉ።

በእነዚህ ማዕከላት ምግቡም መኝታውም በነጻ ነው። ወጪው የሚሸፈነው ቀደም ሲል ፈጽመው የወጡ ሰዎች በሰጡት ገንዘብ ሲሆን፣ አንድም ኮርስ ያልጨረሰ ሰው ልክፈል ቢል አይቀበሉትም።