እርማት፦ ሊቲየም ሱስ አያስይዝም

ሊቲየም የባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም፣ መድኃኒት ነው። «ሊቲየም ሱስ ስለሚያስይዝ፣ ባይፖላር ያለበት ሰው ተሽሎት ወደ ሥራው ከተመለሰ መድኃኒቱን ቢያቆም ይሻለዋል» የሚለው ምክር መታረም አለበት። ሊቲየም አያሰክርም፣ አምሮትም አይፈጥርም። በድንገት ያቆመ ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ተመልሶ የሚታመመው ሱስ ስለያዘው ሳይሆን፣ መድኃኒቱ ገትቶት የቆየው ሕመም ስለሚያገረሽበት ነው፤ የተሻለውም እኮ መድኃኒቱን ስለወሰደ ነው። ማቆም የግድ ከሆነ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ ቢያንስ በ4 ሳምንት፣ ቢቻል እስከ 3 ወር ድረስ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ ያስፈልጋል።

በእርግጥ ሊቲየም ጥንቃቄ ይሻል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የሚያድነው መጠንና የሚመርዘው መጠን ስለሚቀራረቡ፣ በደም ውስጥ ያለው ልክ በየጊዜው ይለካል፤ ኩላሊትና ታይሮይድ የተባለው የአንገት እጢም ይመረመራሉ። ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ በመሆኑ፣ ማታ 3 ሰዓት የዋጠ ሠራተኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላቦራቶሪ መገኘት አለበት፤ ስለዚህ ከሥራ ገበታው ለአንድ ሰዓት ያህል መዘግየቱ አይቀርም። ለራስ ምታት ተብሎ እንደ ዋዛ የሚዋጠው አይቡፕሮፌንም በደም ያለውን የሊቲየም መጠን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።