የጂኦግራፊ ትምህርት ከጣርማበር ይጀመር

በ2017 ዓ.ም ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ማኅበራዊ ሚዲያው በሁለት ዓይነት ወሬ ተሞላ። አንዱ «ኢትዮጵያ ለሁለት ልትሰነጠቅ ነው፣ ባሕር ሊገባ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይሄ የቆላው ጉዳይ ነው፣ ደጋ ላይ ያለነውን አይነካንም» ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው። በጣም ያሳሰበኝ ግን ሁለቱንም የሰሜን ሸዋ ሰዎች ሲቀባበሉት ማየቴ ነው። ስምጥ ሸለቆው እኮ የሚጀምረው ደጃችን ላይ ነው።

ልጆቻችን ስለዚህ ነገር ምን ይማራሉ? ብራዚልና ምዕራብ አፍሪካ ካርታ ላይ እንደሚገጣጠሙ ይማራሉ። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር እ.ኤ.አ. በ1912 አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ብሎ እንደተናገረ፣ ሜሶሳውረስ የሚባል የጥንት ተሳቢ እንስሳ ቅሪት ደቡብ አሜሪካም ደቡብ አፍሪካም እንደተገኘ ይማራሉ። ጥሩ ነው፣ ይማሩት። ችግሩ ምሳሌው ሁሉ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ነው። ልጁ ፈተናውን ያልፋል፤ ትምህርቱ ግን አውቶቡስ ተሳፍሮ በሰሜን ሸዋ ያለውን የጣርማበርን ተራራ ሲወርድ በመስኮት ከሚያየው ገደል ጋር አይገናኝለትም።

ቬገነር በዘመኑ ብዙ አማኝ አላገኘም። አህጉርን የሚያክል ነገር ምን እንደሚያንቀሳቅሰው ማስረዳት አልቻለምና። እ.ኤ.አ. በ1930 ግሪንላንድ ውስጥ ሲሞት ነገሩ ገና አከራካሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካዊቷ ሜሪ ታርፕ የአትላንቲክን ወለል ካርታ ስትሠራ፣ በውቅያኖሱ መካከል በሚያልፈው የተራራ ሰንሰለት አናት ላይ ረጅም ስንጥቅ አገኘች። የመሬት መንቀጥቀጡም ያንን ስንጥቅ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ይህን የባሕር ውስጥ ሸለቆ ያመሳሰሉት ከምን ጋር መሰላችሁ? ከምሥራቅ አፍሪካው ስምጥ ሸለቆ ጋር። ሌላው ዓለም በድምፅ ሞገድ ውኃ ሥር የሚፈልገውን እኛ በእግራችን እንወርደዋለን።

እስቲ አንድ ክፍል ተማሪ ጣርማበር ላይ አቁሙ። የቆሙበት ከፍታ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከታች ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወርዶ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ሸዋ ሮቢት። ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ። የምድር ቅርፊት በግዙፍ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው፤ ተማሪው ፕሌት የሚላቸው ማለት ነው። ጣርማበር ላይ የቆመው ልጅ እግሩ ያለው የኑቢያ ፕሌት ጠርዝ ላይ ነው። የሶማሊያው ፕሌት ከዚያ ማዶ ወደ ምሥራቅ እየሸሸ ነው፣ ሸለቆው የተፈጠረውም በመካከላቸው ያለው መሬት እየሳሳና እየሰመጠ በመሄዱ ነው። አፋር ላይ ደግሞ የዓረቢያው ፕሌት ይጨመርና ሦስቱ ይለያያሉ። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ውኃ የሞላባቸው ሁለቱ ክንዶች ናቸው። ሦስተኛው፣ ገና ደረቅ የሆነው፣ የእኛው ነው።

ድንጋዩም ራሱ ታሪክ ነው። ጥቁሩ ባዛልት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መፍሰስ ከጀመረው የእሳተ ገሞራ ጎርፍ ቤተሰብ ነው፤ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች አንዱን የድንጋይ ክፍል በጣርማበር ስም ነው የሚጠሩት። ከባዛልቱ ሥር ያለውን ማየት የፈለገ ወደ ጀማ ሸለቆ ይውረድ። እዚያ የኖራ ድንጋይ አለ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ጎንድዋና የተባለው ትልቁ የደቡብ አህጉር መለያየት ሲጀምር፣ ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ ገብቶ ይህን አገር ሸፍኖት ነበር። እንሳሮ ላይ የተተከለው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲሚንቶ የሚያመርተው ከኖራ ድንጋይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፎቅ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው የጥንት ባሕር ወለል እየገነባ ነው ማለት ይቻላል። በምዕራባችን ያለፈ ባሕር፣ በምሥራቃችን የሚመጣ ባሕር። እንዲህ ያለ መማሪያ ክፍል ያለው አገር ብዙ አይደለም።

ውኃውም እዚያው ጫፍ ላይ ይለያያል። ወደ ምዕራብ የወረደው ዝናብ በበሬሳና በጀማ አድርጎ ዓባይ ገብቶ ሜዲትራንያን ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ የወረደው ከአዋሽ ጋር አፋር ውስጥ ሐይቅ ሆኖ ይቀራል፣ ባሕር አያይም። አያቶቻችን አልዩ አምባ ገበያ ላይ የተገበያዩበት አሞሌ ጨውም ከዚያው ከሰመጠው ምድር የመጣ ነው። የቀይ ባሕር ውኃ ደናክል ድረስ እየገባ፣ መንገዱ ሲዘጋበት እየደረቀ የተወው ጨው ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የእንስሳቱ ነገር ነው። ጭላዳ ዝንጀሮን ውሰዱ። የጭላዳ ዘመዶች በአንድ ወቅት አፍሪካን ሞልተው፣ ቅሪታቸው እስከ ስፔንና ሕንድ ድረስ ተገኝቷል። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ወገን የቀረው ጭላዳ ብቻ ነው፣ እሱም የሚኖረው ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብቻ። ለምን? ከምድር ውስጥ የሚመጣው ሙቀት መሬቱን ሽቅብ ስለገፋውና ላቫው ተደራርቦ ስለከመረው፣ በምድር ወገብ አጠገብ ብርድና ሣር ያለው ሰፊ ከፍታ ተገኘ። ማዶው ቆላ ቢሞቅም መንዝ ላይ ጓሳው አለ፣ ጅብራው አለ። የመንዝ ሰውም የጓሳን ሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል፣ ለዚህ ክብር ይገባዋል።

ቀይ ቀበሮም እንዲሁ። አባቶቹ ከእስያና አውሮፓ በኩል የመጡ የተኩላ ዘመዶች ናቸው። የበረዶው ዘመን ብርድ ሲያይል ውርጫማው መሬት ወደ ታች ሰፍቶ ነበር፤ ሲሞቅ ግን እየጠበበ ወደ አናት ወጣና ቀበሮዎቹን በየተራራው ለያያቸው። ገደሉ ከቀበሮው ቀድሞ እዚያው ነበረ፣ ስለዚህ የባሌውና የመንዙ ቀበሮ በሞቃት ሸለቆ ተለያይተው ቀሩ። ዛሬ ሁሉም ቢደመሩ 500 አይሞሉም። ደጋ አጋዘን የሚገኘው ከሸለቆው ምሥራቅ፣ ባሌና አርሲ ወገን ብቻ ነው፤ መንዝ ላይ ብትፈልጉት የለም። የጭላዳም ቢሆን ጥቂቱ መንጋ ከሸለቆው ማዶ፣ አርሲ ውስጥ የዋቤ ሸበሌ ገደል ላይ ለብቻው ቀርቷል። ይህንን የተረዳ ልጅ አውስትራሊያ ለምን የካንጋሮ አገር እንደሆነች ለመረዳት አይቸገርም። ነገሩ አንድ ነው፦ መሬት ሲለያይ ፍጥረትም ይለያያል፣ የተለየው በራሱ መንገድ ይሄዳል።

አሁን ወደ ወሬው ልመለስ። በእኛ በኩል ሸለቆው የሚሰፋው በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው በዕድሜው አንድ ክንድ የሚሞላ መለያየት አያይም። ባሕሩ የሚሊዮኖች ዓመታት ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ነገ ልንሰነጠቅ ነው» የሚለው ይቅር። ነገር ግን መለያየቱ ሁልጊዜ በእርጋታ አይሄድም። ኃይሉ ለረጅም ጊዜ ይጠራቀምና በአንዴ ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ ተከፍቷል፣ ስፋቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ደርሷል።

ደጋ ነን ለሚሉት ደግሞ በ1953 ዓ.ም የሆነውን ላስታውስ። መጠኑ 6.5 አካባቢ የሚገመት ርዕደ መሬት ማጀቴን አፈራርሷታል፣ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ናቸው። እዚያው ዛሬ ስንት ሰው ይኖራል፣ ስንት ብሎኬት ቤት ተሠርቷል፣ ስንቱ ግንባታ ይህን አስቦ ተሠራ? ደብረ ሲና ዙሪያም በ1998 ዓ.ም መሬት ተንሸራትቶ ብዙ ገበሬ ቤቱንና ማሳውን አጥቷል። ነገሩን የእግዜር ቁጣ ነው የሚል ሰው አለ፣ እምነቱን አልነካም። ግን የሚጸልይም ሰው ቤቱን ሲሠራ ማገሩን ማጥበቅ ይችላል።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። የዞኑ ትምህርት ቤቶች በዓመት አንዴ ተማሪ ይዘው ጣርማበር ይውጡ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለ ገደሉ፣ ስለ ድንጋዩና ስለ ጓሳ እንስሳት ለአስተማሪዎች የሚሆን ቀላል መመሪያ በአማርኛ ያዘጋጁ። አንድ ሥራ ግን ሊዘገይ አይገባም። በ1953 ልጅ የነበሩ የማጀቴና የካራቆሬ ሰዎች ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ተማሪዎች ደብተርና ስልካቸውን ይዘው ይሂዱና ይጠይቋቸው፦ የትኛው ቤት ቆመ፣ የትኛው ወደቀ፣ ግድግዳው ምን ነበር፣ ምንጩ ደረቀ ወይስ ቦታ ቀየረ፣ ሰዉ የት ተጠለለ? መልሱ ተጽፎ የየወረዳው ግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።