የፍራንክ ሉካስን ታሪክ የነገረን ራሱ ሉካስ ነው

አዲስ አበባ ዴንዘል ዋሽንግተንን ትወዳለች። እሱ የሠራበትን የወንበዴ ፊልም ደግሞ አብልጣ ትወዳለች። «አሜሪካን ጋንግስተር» እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ፊልም ነው፤ ፒያሳና አራት ኪሎ ላይ ግን ዛሬም አላረጀም። ፊልሙን የሚያወራልህ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው በአንድ ነገር ነው፤ «እውነተኛ ታሪክ እኮ ነው!» የዛሬው ጉዳዬም ይሄ ነው። እውነተኛ ታሪክ አይደለም። ሲበዛ የአንድ ወንጀለኛ ጉራ ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፍራንክ ሉካስ በኒውዮርክ ሃርለም ሄሮይን ይሸጥ የነበረ ሰው ነው፤ ፊልሙ ላይ እሱን ሆኖ የሚጫወተው ዴንዘል ነው። በፊልሙ ባምፒ ጆንሰን የሚባለው የሰፈሩ አለቃ ሲሞት ቦታውን ይወርሳል። ዕፁን ከደቡብ ምሥራቅ እስያ በቀጥታ ያስመጣል፤ በቬትናም ጦርነት የሞቱ ወታደሮች ሬሳ ሣጥን ውስጥ እየደበቀ። ሪቺ ሮበርትስ የተባለ ጉቦ የማይነካ ፖሊስ ይይዘዋል። ከዚያ ሉካስ ሌቦቹን ፖሊሶች አጋልጦ ነገሩ ያልቃል።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ፊልሙ ላይ ባምፒ ኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ውስጥ ልቡን ይዞ ሲወድቅ ሉካስ አጠገቡ ነው። እውነተኛው ባምፒ እ.ኤ.አ. በ1968 የሞተው ሃርለም ውስጥ ዌልስ በሚባል ምግብ ቤት ነው። ባለቤቱ ሜይሚ ጆንሰን ሉካስ በቦታው እንዳልነበረ ተናግረዋል። እንደሚያወራው የባላቸው ቀኝ እጅ አልነበረም ሲሉም እ.ኤ.አ. በ2008 መጽሐፍ አውጥተዋል። ፊልሙ ሲሠራ እኚህ ሴት በሕይወት ነበሩ።

የሬሳ ሣጥኑስ? ባንኮክ ሆኖ ሄሮይኑን ይልክ የነበረው ሌስሊ አትኪንሰን የሚባል የቀድሞ የአሜሪካ ጦር ሳጅን ነው። እሱ እንደሚለው ዕፁ የሚጫነው የቤት ዕቃ ውስጥ ተደብቆ ነበር። የሬሳ ሣጥኑን ወሬ ፈጠራ ነው ብሎታል። አትኪንሰንም ጻድቅ አልነበረም፤ እሱም ታስሮበታል። ግን ሁለት ወንጀለኞች ሁለት የተለያየ ነገር ሲናገሩ ፊልሙ ለዓይን የሚያስደነግጠውን መርጦ «እውነተኛ» ብሎ ሸጠልን።

የሪቺ ሮበርትስ የልጅ አሳዳጊነት ክርክርም ፈጠራ ነው። ሰውዬው ያኔ ልጅ አልነበረውም። የሉካስ መያዝም እንደዚያው። በፊልሙ እሑድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ፖሊሶች ደጃፉ ላይ ይጠብቁታል፤ ግርማ ሞገስ ያለው አያያዝ ነው። እውነቱ ግን እ.ኤ.አ. ጥር 1975 ኒውጀርሲ የሚገኘው ቤቱ ተፈተሸ፤ 584 ሺሕ ዶላር ገደማ ጥሬ ብርም ተገኘ።

ከሁሉ የከፋው መጨረሻ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ነው። ሉካስ በሰጠው መረጃ ከኒውዮርክ የፌዴራል ፀረ ዕፅ ወኪሎች ሦስት አራተኛው ተፈረደባቸው ይላል። ይሄ ውሸት ነው። ሉካስ ያጋለጣቸው በአብዛኛው የሙያ ባልደረቦቹን፣ ዕፅ ነጋዴዎችን ነው። የቀድሞ ወኪሎች የፊልሙን ኩባንያ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በስም የተጠቀሰ ሰው የለም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ክሱን ዘጋው። ዳኛዋ ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ኩባንያ ትክክል ያልሆነ ነገር ፊልም መጨረሻ ላይ መጻፍ እንደማይገባው ሳይናገሩ አላለፉም።

ይሄ ሁሉ እንዴት ሆነ? የፊልሙ መነሻ እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የኒውዮርክ መጽሔት ላይ የወጣ ረጅም ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ደግሞ ሉካስ በስተርጅናው የጉብዝና ዘመኑን ሲያወራ የተጻፈ ነው። ጀግናውም ምስክሩም አንድ ሰው ሆኑ። ሉካስ ራሱ በኋላ ከፊልሙ እውነቱ ጥቂት እንደሆነ አምኗል። የኒውዮርክ ልዩ የዕፅ ወንጀል ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ስተርሊንግ ጆንሰንም ፊልሙን 1 በመቶ እውነት፣ 99 በመቶ ሆሊውድ ነው ብለውታል። ሰውዬው ጨካኝ እንደነበረና ከዴንዘል ጋር ምንም እንደማያገናኘውም ተናግረዋል።

«ፊልም ፊልም ነው፣ ምን አጨቃጨቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጸጉር ቤት ቁጭ ብዬ ይሄው ፊልም ሲታይ ያየሁትን ልንገርህ። ሉካስ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ አንዱን ግንባሩን ብሎት ተመልሶ ቁርሱን ሲቀጥል፣ ጸጉር ቆራጩ ማሽኑን አጥፍቶ «ሰው ማለት ይሄ ነው!» አለ። ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች አጨበጨቡ። ይሄንን ግድያ ለጋዜጠኛ ያወራው ራሱ ሉካስ መሆኑን ማን ነገራቸው? ትንሽ ቆይቶ ሄሮይን ወስዳ አልጋ ላይ የሞተች እናትና አጠገቧ የሚያለቅስ ልጅ መጡ። ጥቂት ሰከንድ ነው። አንዱ ስልኩን እያየ ነበር፤ ሌላው ሻይ ያዝዛል። ልጆቹን አልወቅስም። ፊልሙ ራሱ ሉካስን ሁለት ሰዓት ተኩል አሳይቶ ያቺን ሴት ስም እንኳ አልሰጣትም።

እነዚሁ ልጆች ቸርችል ጎዳና ላይ በሞተር ስልክ መንትፎ የሚሮጠውን ይረግማሉ። ትክክል ናቸው። ሉካስ የዚያ ሰው ታላቅ ወንድም ነው፤ ሱፉ ያማረ፣ የገደለው የበዛ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው የአዲስ አበባን የዱሮ ጉልቤዎች ታሪክ ፊልም ላድርግ ብሎ ስክሪፕት የሚጽፍ ወጣት ነው። ወንድሜ፣ ሽማግሌውን ጉልቤ ቡና ጋብዘህ የነገረህን ብቻ ይዘህ አትሂድ። የፍርድ ቤት መዝገብ ፈልግ። የተደበደበውን ሰው ቤተሰብ አናግር። መፍጠር ከፈለግህ ፍጠር፣ መብትህ ነው፤ «እውነተኛ ታሪክ» ብለህ ግን አትጻፍበት። ሁለተኛው እንዲህ ያሉ ፊልሞችን በአማርኛ እየተረከ በዩቲዩብ የሚለቅልን ሰው ነው። «ሰብስክራይብ አድርጉ» ለማለት አንድ ደቂቃ ትወስዳለህ። እዚያው ላይ ሌላ አንድ ደቂቃ ጨምርና ታሪኩን ማን እንደተናገረው፣ ማንስ ውሸት ነው እንዳለው ንገረን።