«ልጅ ናቸው፤ ይረሱታል»

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ ባለሙያ፣ እናታቸው ስትደበደብ እያዩ ስለሚያድጉ ልጆች ተጠይቀው ትንንሾቹን «ልጅ ናቸው፤ ይረሱታል»፣ ከፍ ያሉትን ደግሞ «ከእንግዲህ የተሰበሩ ናቸው» ሲሉ አሰናበቷቸው። ትላልቆቹ ትናንት ትንንሽ ነበሩ፤ ረስተውት ከሆነ ምን ሰበራቸው? ጠያቂው ይህን ሳያነሣ ወደ ማስታወቂያ አለፈ።

«ይረሱታል» የሚለውን ለማፍረስ ጥናት መጥቀስ እንኳ አያሻም። የአባቱን ኮቴ ደጃፍ ላይ ሲሰማ ሰክሮ ይሁን ሳይሰክር የሚለይ፣ ዱላውን ቀድሞ የሚደብቅ፣ ታናሹን ይዞ ወደ ጎረቤት የሚሮጥ፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ብርጭቆ ሰብሮ ቁጣውን ከእናቱ ወደ ራሱ የሚያዞር ልጅ ምኑን ይረሳል? ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው እኮ ሌሊቱን ዘብ ቆሞ ስላደረ ነው። ይህ ልጅ ባለሙያ ፊት ሲቀርብ ግን የጉዳቱ ዓይነት ተመዝግቦ ይሸኛል እንጂ «ወደ ማን ሮጥክ? ለምን እሷን መረጥክ? ታናሽህን እንዴት ዝም አሰኘኸው?» ብሎ የሚጠይቀው አያገኝም። ጥያቄዎቹ ማባበያ አይደሉም፤ ልጁ የሚያምናት ጎረቤት ማን እንደሆነች፣ አደጋው የሚብሰው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ፣ የትኛው በር እንደሚከፈት ያስታውቃሉ፣ የረባ የደኅንነት ዕቅድም የሚወጣው ከዚህ መልስ ነው። በጥንካሬ ላይ የተመሠረተ፣ ማለትም ከጉዳቱ ይልቅ ከባለጉዳዩ ብልሃትና አቅም የሚነሣ፣ የማኅበራዊ ሥራ አሠራር የሚባለውም ይኸው ነው፤ አዲስ ግኝትም አይደለም፣ በአሜሪካ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲያስተምሩት ኖረዋል።

«የልጁን ጥንካሬ ማንሣት ጥቃቱን ማቃለል ነው» የሚሉ አሉ። ልጁ እንዴት እንደተደበቀ ሲናገር ከማን እንደተደበቀ ሳይናገር ያልፋል? ብልሃቱ በተተረከ ቁጥር የአባትየው ጭካኔ አብሮ ይገለጣል። ልጁን ጠባቂ አድርጎ እዚያው ቤት መተው ትልቅ በደል መሆኑ ግን አያከራክርም።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛና ከጋብቻ ውጪ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ይናገራል፤ አንቀጽ 576 በራሱ በልጁ ላይ የሚደርሰውን ማንገላታት ይቀጣል። በጓዳ ሆኖ የሚያደምጠው ልጅ ግን በሁለቱም ውስጥ በስሙ አልተጠራም። እንግሊዝ በ2021 ባወጣችው ሕግ ጥቃቱን ያየ ወይም የሰማ ልጅ ራሱ ተጠቂ ነው ብላለች። እኛ ዘንድ ሽማግሌዎች «ለልጆቻችሁ ስትሉ» እያሉ ሲያስታርቁ ልጆቹን «ውጪ ተጫወቱ» ብለው ያስወጣሉ፤ አሁን ደግሞ ሥራዬ ብሎ የተማረው ባለሙያም በሩን አብሯቸው መዝጋት ጀምሯል። እኚህ ባለሙያ በድጋሚ ሬዲዮ ላይ ከመቅረባቸው በፊት ከእነዚህ ልጆች አንዱን አስቀምጠው ያን ምሽት ምን እንዳደረገ ይጠይቁትና፣ መረሳቱን ከራሱ አፍ ይስሙት።